በርኖስ የለበሰችው ልዕለ ጀግና፦ በደሴ የተሠራ የድብልቅ ቀለም ሥዕል የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውኃ በሚባለው ሰፈር ሥዕል በማስተምርበት አነስተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የራሷን ልዕለ ጀግና ነድፋ በተለያዩ የቀለም ዓይነቶች ለመሥራት ያደረገችውን ሙከራ ይመዘግባል። ጉዳዩን ለጥናት የመረጥሁት በከተማችን ሥዕል የሚማሩ ወጣቶች ደጋግሞ የሚገጥማቸውን ችግር ከሥሩ ስለሚያሳይ ነው። ወጣቶቹ ከየሱቁና ከየቤቱ ያገኙትን ቀለም ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኛሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲያበላሸው ግን ጥፋቱን በእጃቸው ወይም በቀለሙ ርካሽነት ያሳብባሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ቀለሞች የሚስማሙትም የሚጣሉትም በማያያዣቸው፣ ማለትም የቀለሙን ዱቄት አጣብቆ በሚይዘው ነገር፣ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ በድብልቅ ሥራ አስቀድሞ መወሰን ያለበት የትኛው ቀለም ከታች፣ የትኛው ከላይ እንደሚውል ነው።

ተማሪዋ ይዛ የመጣችው ንድፍ በእርሳስ የተሠራ ሲሆን፣ በጦሳ ተራራ አፋፍ ላይ የቆመችና ካባዋን ነፋስ የሚያውለበልበው አንዲት ወጣት ሴት ያሳይ ነበር። በንድፍ ትምህርት የጎልማሳ ሰው ቁመት በራሱ (በጭንቅላቱ) ርዝመት እየተለካ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ተኩል ራስ ያህል ይደረጋል፤ የልዕለ ጀግና ሠዓሊዎች ግን እስከ ስምንት ተኩል፣ አንዳንዴም እስከ ዘጠኝ ራስ ያስረዝሙታል። ተማሪዋ ይህን የረዘመውን ልኬት ጠብቃለች። የፊቱ አሠራር ግን የመጣው ከሌላ ምንጭ ነው። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ሁለቱም ተመልካቹን ፊት ለፊት ያያሉ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ወደ ፊት ሲያይ ይሣላል፣ ክፉው ደግሞ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ይህን ወግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በየግድግዳው ላይ እያየችው አድጋለች። በእኔ አስተያየት የንድፉ ትልቁ ጥንካሬ ይህ እይታ ነበር። በመሆኑም የቀለሙ ሥራ ምንም ይሁን ምን የፊቱ የእርሳስ መስመር ሳይነካ እንዲቆይ ከጅምሩ ተስማማን።

ካባው በመጀመሪያው ንድፍ ቀይ ነበር። ለምን ቀይ እንዳደረገችው ስጠይቃት በቴሌቪዥን ያየቻቸው ጀግኖች ቀይ ስለሚለብሱ እንደሆነ ነገረችኝ። የእነዚያ ጀግኖች ልብስ እንዲያ የደመቀበት አንዱ ምክንያት የኅትመቱ ሁኔታ ነው። ሱፐርማን በ1938 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም የአሜሪካ የሥዕል መጽሔቶች በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም ይታተሙ ስለነበር፣ ረቂቅ የሆኑ የቀለም ደረጃዎችን ማውጣት አይቻልም ነበር፤ ጎልቶ የሚወጣው ደማቁ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነው። ሀልክ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያ እትም ላይ ግራጫ ነበር፤ ግራጫው ከገጽ ገጽ እየተለዋወጠ ስላስቸገረ በቀጣዩ እትም አረንጓዴ ተደረገ። ይህን የነገርኋት ጀግናን የሚያስውበው ሠዓሊው በእጁ ያለውን ቁሳቁስ ማወቁ እንደሆነ እንድትረዳ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ስትመጣ ካባውን ላጲሳ በምትኩ በርኖስ ነድፋ ነበር። በርኖሱ በአያቷ ቤት፣ በሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የኖረ የወንድ አያቷ ልብስ ነው፤ በወሎና በመንዝ ደጋ ከጥቁር በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን፣ በቀኝ ትከሻው ላይ ሾል ብሎ የወጣ ጉብታ ያለው ካባ። ያ ጉብታ ለልዕለ ጀግና ምስል የተፈጠረ ይመስላል፤ ከሩቅ ሲታይ ብቻውን ሰውየውን ያስለያል።

ይሁን እንጂ ጥቁሩ በርኖስ ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጥቁር ከቀባሁት እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል» አለችኝ። ልክ ነበረች። ጥቁር ቀለም ዝም ብሎ ሲለቀለቅ ልብሱ ልብስነቱን ያጣና ወረቀቱ ላይ እንደተቀደደ ቀዳዳ ይሆናል። «አብሽሪ፣ እሱን የሚፈታው አንድ ቀለም አይደለም» አልኋት። ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ በሙሉ ይህን ጥቁር ልብስ ብርሃን እንዲያርፍበት ለማድረግ የተደረገ ጥረት ነው ማለት ይቻላል።

በእጇ የነበሩት ቁሳቁሶች የሚከተሉት ናቸው፦ የትምህርት ቤት የውኃ ቀለም፣ ጥቂት የአክሪሊክ ቱቦዎች፣ ከቤት እድሳት የተረፈ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም፣ የማይለቅ ጥቁር ማርከር፣ ክሬዮን፣ ባለቀለም እርሳስ፣ የብረት በር የሚቀባበት ሲንቴቲክ ቀለም ከነማቅጠኛው ከአኳራጅ ጋር። እነዚህን የሚለያያቸው ዋናው ነገር የቀለሙን ዱቄት ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ነው። የውኃ ቀለም የሚያያዘው በግራር ሙጫ ነው፤ ሙጫው ከደረቀ በኋላም ውኃ ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል። አክሪሊክ በውኃ ውስጥ የተበተኑ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው፤ ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሃዱና አንድ ስስ ሽፋን ይፈጥራሉ፣ ያ ሽፋን ዳግም በውኃ አይሟሟም። ይህ ዓይነቱ በውኃ የሚቀጥን የሠዓሊ አክሪሊክ ለገበያ የቀረበው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ስለሆነ፣ ከሥዕል ታሪክ አንጻር ገና አዲስ ነው። የግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም የአክሪሊክ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ብዙ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ስላለበት ደብዛዛና ሻካራ ሆኖ ይደርቃል። ሲንቴቲኩ ከዘይት ቀለም ወገን ነው፤ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ በዝግታ ነው። ክሬዮን ሰም ነው። የማይለቀው ማርከር ደግሞ በአልኮል መሰል ፈሳሽ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ዱቄት ስለሌለው ወደ ወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ዘልቆ ይገባል።

የመጀመሪያው ሙከራ የከሸፈው በዚሁ ማርከር ነው። ተማሪዋ ከፊቱ በቀር የእርሳሱን መስመር በሙሉ በጥቁር ማርከር ደግማ፣ በልብሱና በሰማዩ መካከል ያለውን ጠርዝ ለማረም በላዩ ላይ ነጩን የፕላስቲክ ቀለም ቀባችበት። ሲደርቅ ነጭ ነበር። በማግስቱ ግን ከነጩ ሥር ሐምራዊ ጥላ ወጥቶ የመስመሩን መንገድ ተከትሎ ታየ። ሁለተኛ እጅ ቀባችው፤ ሐምራዊው እንደገና ወጣ፣ እየፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የማርከሩ ማቅለሚያ እርጥብ የሆነው አዲስ ቀለም ሲነካው ተነሥቶ በሽፋኑ ውስጥ ወደ ላይ ይፈልሳል፤ ጥቁር የሚመስለውም ከብዙ ማቅለሚያዎች ተደባልቆ ስለሆነ፣ ፈጥኖ የሚፈልሰው ሐምራዊው ቀድሞ ብቅ ይላል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ የዚህ ዓይነት ማቅለሚያ ለፀሐይ ብርሃን ከተጋለጠ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ለዘለቄታው ሊቀመጥ ለታሰበ ሥዕል ማርከርን አልመክርም፣ ስንት ልጅ ቢወደውም።

ሲንቴቲኩን የፈለገችው ለጀግናዋ የደረት ጌጥ ብልጭታ እንዲሰጣት ነበር። ይህንንም በቁራጭ ወረቀት ላይ አየነው። በደረቀ አክሪሊክ ላይ ሲቀባ ይይዛል፤ አክሪሊኩ በእሱ ላይ ሲቀባ ግን በጥፍር ጫፍ ሲነካ እንደ ልጣጭ ተነሣ። በባዶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ዘይቱ ዙሪያውን ሰርጎ ቢጫ ክብ ሠራ። የአኳራጁ ሽታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያስከትለው ራስ ምታትም ስላለ ሲንቴቲኩ ከሥራው እንዲወጣ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ ተማሪዋ በዋናው ወረቀት ላይ መሥራቷን አቁማ የመፈተኛ ወረቀት እንድታዘጋጅ አደረግሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቀለም ከላይ ወደ ታች በአንድ ቀጭን መስመር ይቀባል፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ እነዚያው ቀለሞች በተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይቀቡበታል። እያንዳንዱ መስቀለኛ ቦታ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ይህ በዚያ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ውጤቱን ተማሪዋ ከየቦታው ጎን በእርሳስ ጻፈችው። የውኃ ቀለም በክሬዮን ላይ፦ «ተንከባለለ»። አክሪሊክ በውኃ ቀለም ላይ፦ «ያዘ፣ ግን የታችኛውን ትንሽ አነሣ»። የውኃ ቀለም በንጹሕ አክሪሊክ ላይ፦ «ተሰባሰበ፣ ነጠብጣብ ሆነ»። አክሪሊክና የግድግዳ ቀለም ተደባልቀው በተቀቡበት ላይ የውኃ ቀለም፦ «ያዘ፣ በእርጥብ ብሩሽ ሲታሽ ተመልሶ ተነሣ፣ ሥሩ አልተነካም»። ሥዕሉን ያዳነው ይህ የመጨረሻው መስመር ነው። ከላይ ያለው ተነሥቶ ከታች ያለው የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ከጥቁሩ ውስጥ ብርሃንን ፈልቅቆ ማውጣት ይቻላል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጥቁር እንደ ልብ የሚነሣ መሆን ነበረበት። በትምህርት ቤቱ የውኃ ቀለም ውስጥ ያለው ጥቁር ደካማና ግራጫ ስለሆነ፣ ተማሪዋ ራሷ ከኩራዝ ጥቀርሻ ጥቁር ቀለም እንድትቀምም ሐሳብ አቀረብሁ። ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአገራችን ጸሐፍት ለዘመናት የጻፉት ከጥቀርሻ፣ ካረረ እህልና ከሙጫ በተቀመመ ቀለም ነው፤ በዚሁ በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዛሬም ይነበባል። የእኛ አሠራር ከዚያ እጅግ ያነሰና የፈጠነ ነበር። በኩራዙ ነበልባል ላይ የብረት ሳህን ተደፍቶ የተጠራቀመው ጥቀርሻ በላባ ተጠረገ። ጥቀርሻው ቅባት ስላለበት ውኃ ላይ ሲጣል አይረጥብም፤ ዱቄቱ ውኃው ላይ ተንሳፎ በስኒው ጠርዝ ዙሪያ ይሸሻል። ተማሪዋ በጣቷ እየገፋች ልታሰጥመው ብትሞክርም እምቢ አላት። ጥቂት የፋርማሲ አልኮል ጠብ ሲደረግበት ግን ወዲያው ተለውሶ ወፍራም ጥቁር ሊጥ ሆነ። ከዚያ በሙቅ ውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ተጨምሮበት በመስተዋት ላይ በማንኪያ ጀርባ ለረጅም ጊዜ ታሸ። ሙጫው ሲበዛ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ እንደ አቧራ ይራገፋል፤ ጥቂት ማር ሲገባበት ደግሞ ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ በብሩሽ ሲነካም ቶሎ ይነሣል። የውኃ ቀለም ፋብሪካዎችም ማር ወይም ግሊሰሪን የሚጨምሩት ለዚሁ ነው።

የካባው አሠራር እንዲህ ሆነ። የበርኖሱ ቦታ በሙሉ በአክሪሊክ ሰማያዊና ቡናማ፣ ከግድግዳው ነጭ ቀለም ጥቂት ተጨምሮበት፣ ግራጫ ሰማያዊ ሆኖ ተቀባ። ነጩ ቀለም ሁለት አገልግሎት ሰጥቷል፦ ሽፋኑን ሻካራ አድርጎ ለላይኛው ቀለም መያዣ ሰጠ፣ ሥሩንም አፈካው። ይህ ከደረቀ በኋላ የጥቀርሻው ቀለም በላዩ ላይ በአንድ ጊዜ፣ ሳይደጋገም ተለቀለቀ። ለተወሰነ ጊዜ ሥዕሉ የፈራነውን መሰለ፤ ከአንገት በታች አንድ ጥቁር ቦታ ብቻ ቀረ። ጥቁሩ ሲደርቅ ተማሪዋ ንጹሕ ብሩሽ ውኃ አንክራ፣ በጨርቅ ጨምቃ፣ የእጥፋቱን ጫፍ ተከትላ ሳበችው። ብሩሹ ባለፈበት ጥቁሩ ለቀቀና ከሥሩ ግራጫ ሰማያዊው ወጣ። በጨርቅ ጫን ስትለው ይበልጥ ፈካ። ብሩሹን በየስበቱ ማጠብ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የተነሣው ጥቁር ወደሚቀጥለው እጥፋት ይሄዳል። በቀኙ ትከሻ ጉብታ ላይ ብርሃኑ ከፍ ስለሚል እዚያ ደጋግማ አነሣችው፤ በጉልበቷ አካባቢ ግን ጥቁሩን እንዳለ ተወችው።

የሱፍነቱ ነገር ለብቻው ሥራ ጠይቋል። የበርኖስ ጨርቅ እንደ ሐር አያብለጨልጭም፤ ብርሃኑ በጠጉሩ ጫፍ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ይህን ለማሳየት ያረጀ፣ ጠጉሩ የተበታተነ ብሩሽ ተመርጦ ጥቂት ወፍራም አክሪሊክ ተነካና አብዛኛው በወረቀት ላይ ከተጠረገ በኋላ በእጥፋቱ አቅጣጫ በስሱ ተጎተተ። ሻካራው ወረቀት ቀለሙን የተቀበለው በጉብታዎቹ ላይ ብቻ ነው። በመጨረሻም ለስላሳ እርሳስ በጥቁሩ ላይ ሲታሽ እርሳሱ ከጥቀርሻው የተለየ ብረታማ ጸዳል ስላለው፣ ሥዕሉ ወደ ጎን ዘንበል ሲል በሥዕሉ ጥቁር ቦታ ውስጥ ሌላ እጥፋት ይታያል። ፊት ለፊት ሲያዩት የለም። ይህን ያገኘችው ተማሪዋ ራሷ ናት፤ የጥቁር በጥቁር ላይ ልዩነት በጸዳልም ሊመጣ እንደሚችል እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ የተማሪ ሥራ አላውቅም።

አየሩ ጉዳዩን አወሳስቦት ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ደግሞ ደረቅ ነው። የአክሪሊክ ቅንጣቶች በሚገባ የሚዋሃዱት ሙቀቱ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ውኃው ቢተንም ሽፋኑ ደካማ ሆኖ ይቀራል፣ በእርጥብ ብሩሽ ሲታሽም ሊፈረፈር ይችላል። የካባው ሥር ማታ ተቀብቶ በቀዝቃዛው ክፍል ቢያድር የማንሳቱ ሥራ ሁሉ ይበላሽ ነበር። ስለዚህ አክሪሊኩ ረፋድ ላይ እንዲቀባና ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ በቀጥታ ሳይመታው፣ ቀኑን ሙሉ እንዲደርቅ ተደረገ። ወረቀቱም የኮፒ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ውኃ ጀምሮ ይጨማደድ ነበር፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውኃ ቀለም ወረቀት ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ዙሪያውን በቴፕ ከጣውላ ጋር መያዝ አለበት።

ከጀርባ ያለው የጦሳ ገጽታ በአጭሩ ተጠናቀቀ። የውኃ ቀለሙ ከሁሉ በፊት፣ ከካባውም በፊት ተቀባ፤ ሰማዩ ገና እርጥብ ሳለ ጥቂት ደቃቅ ጨው ተበተነበትና ጨው ባረፈበት ዙሪያ የቀለሙ ዱቄት ተገፍቶ ወደ ከተማችን የሚወርደውን የጠዋት ጉም የሚመስሉ ነጣ ያሉ ቦታዎች ወጡ። ጨው እርጥበት ስለሚስብ ከደረቀ በኋላ በሚገባ መራገፍ አለበት።

ፊቱን በሚመለከት ከጅምሩ ብንስማማም፣ በኋላ በእኔና በተማሪዋ መካከል የሐሳብ ልዩነት ተነሥቶ ነበር። እርሷ ፊቱም እንደ ካባው በአክሪሊክ እንዲጠነክር ትፈልግ ነበር፤ እኔ ግን አክሪሊኩ የእርሳሱን መስመር ስለሚሸፍን ያ ፊት ለፊት የሚያይ ዓይን ኃይሉን ያጣል ብዬ ተከራከርሁ። በመጨረሻ የቆዳው ቀለም በቀጭን የውኃ ቀለም፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ ተሠራ፤ በላዩ ላይ በባለቀለም እርሳስ የጉንጩና የአገጩ ጥላ ተጨመረ። ባለቀለም እርሳስ ሰም ስላለበት ከእሱ በኋላ ውኃ እንዳይነካው ተጠንቅቀናል። የደረቱ ጌጥ፣ ሲንቴቲክ ሊቀባበት የነበረው ቦታ፣ ከመጀመሪያው ነጭ ሆኖ በተተወ ወረቀት ላይ በቢጫ የውኃ ቀለም ተሠራ፤ በዙሪያው ካለው ጥቁር የተነሣ ከማንኛውም አብለጭላጭ ቀለም በላይ ያበራል።

ሥዕሉ አሁን ከመስተዋት ሥር ነው ያለው፤ ምርጫም አልነበረውም። የጥቀርሻው ቀለም በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ቢቀባበት የተፈለቀቁት እጥፋቶች በሙሉ ይደፈርሳሉ፤ በረጠበ እጅ እንኳ ሊነካ አይገባም። መስተዋቱም ሥዕሉን እንዳይነካው በመካከላቸው ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን ገብቷል። አያትየዋ ሥዕሉን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት የበርኖሱ ጉብታ በትክክለኛው ትከሻ ላይ መሆኑን ነው።

ተማሪዋ በአሁኑ ጊዜ ይህችኑ ጀግና በአቡጀዴ ላይ በትልቁ ልትሠራት እየተዘጋጀች ነው። አቡጀዴው በግድግዳ ቀለም ከተቀባ በኋላ ተጠቅልሎ የሚጓጓዝ ስለሆነ፣ በሙጫ የተያዘው ጥቀርሻ በጨርቁ መታጠፍ ይሰነጠቃል፤ በመሆኑም ጥቀርሻውን ከአክሪሊክ ጋር መለወስ ይኖርባታል። እንዲያ የተለወሰ ጥቁር አንዴ ከደረቀ አይነሣም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ በመጨረሻ ከጥቁሩ ውስጥ ያወጣችውን ብርሃን፣ በጨርቁ ላይ ጥቁሩን ከመቀባቷ በፊት ቦታውን ለይታ ልትተወው ይገባል፤ በመፈተኛ ወረቀቷ ላይም ለዚህ አዲስ ጥቁር ሌላ መስመር ጨምራለች።